ከጀልባዋ መቀመጫ ሥር

ባለፈው ሰሞን ወደ ጨፋ ሮቢት ለሠርግ ስሄድ ከከሚሴ መውጫ ላይ የመንገድ ሠራተኞች የተቦረቦረውን አስፋልት ሲጠግኑ አገኘኋቸው። ሬንጁን በበርሜል አፍልተው ጭሱን ያትጎለጉሉታል። የተሳፈርንበት ባጃጅ መተላለፊያ እስኪያገኝ ቆመን ሳለ እኔ አፍንጫዬን በሻሼ ጫፍ ያዝኩ። ከጎኔ የተቀመጠው ከማል፣ ድሮ መናኸሪያው ላይ ተራ ሲያስከብር ጉሮሮው እስኪነቃ የሚጮኽ የነበረው፣ ዛሬ ጥርሱ ተራግፎ ድምፁም የለሰለሰው ከማል፣ ጭሱን ልክ እንደ ሽቶ ወደ ውስጥ ሳበና ዐይኑን ጨፈነ። «ሲስተር፣ ይኸ ሽታ ምን እንደሚያስታውሰኝ ታውቂያለሽ? ያችን ያያ ሰይድን የኮምፔንሳቶ ጀልባ! አይ ደግ ዘመን! አይ ደግ ሰው!» አለኝ። የሠርግ ልብሴን ባልለብስ ኖሮ እዚያው አስመልስ ነበር።

ትዝታ የሚሉት ነገር ያንገሸግሸኛል። የሰው ልጅ ጥርሱ ሲያልቅ ያለፈው ዘመን ሁሉ ይለሰልስለታል፤ አጥንቱን ለይቶ ይጥልና መረቁን ብቻ ይጠጣል። ያችን ጀልባ የሚያነሣ ሰው ሁሉ በከሚሴም በጨፋም እንዲህ ዐይኑን እየጨፈነ ነው የሚያነሣት። ወጣቶቹማ ሳያዩዋት ይናፍቋታል። አንዱ እንዲያውም ቤቴ ድረስ መጥቶ «እማማ፣ ስለ ጀልባዋ ይንገሩኝና በስልኬ ልቅረጽዎ» አለኝ። ሻይ አጠጥቼ ሸኘሁት። ምን ልንገረው? እሱ የሚፈልገው ስለ ደግ አናጢና ስለ ቦርከና ወንዝ ማዕበል ነው። እኔ የማውቀው ደግሞ ከመቀመጫው ሥር ስላለው ሣጥን ነው።

እውነቱን ለመናገር የሚጣፍጥም ነገር ነበር፤ አልዋሽም። መንግሥት ተለውጦ ብዙም ያልቆየበት ጊዜ ነው። እኔ ገና ወጣት አዋላጅ ነርስ ሆኜ ወደ ትውልድ ከተማዬ ተመድቤ መጥቼ፣ ሰው ሁሉ «ሲስተር ዘሀራ» ሲለኝ ቁመቴ የሚጨምር ይመስለኝ ነበር። ሻይ በስሙኒ ይጠጣል። ከመናኸሪያው ጥግ ያለው ካሴት ቤት ጠዋት መንዙማ፣ ከሰዓት በኋላ የፍቅር ዘፈን ያንቆረቁራል፤ ባለቤቱ ለአንዱም ለአንዱም እኩል ራሱን ይነቀንቃል። ወንዶቹ ነጭ ሽርጥ በሸሚዝ ያደርጋሉ፤ ደህና ያገኘው ከላይ ኮት ይደርባል። እኛ ሴቶች ከባቲ ገበያ የሚመጣ ስስ ሻሽና አበባ ያለበት ቀሚስ እንለብስ ነበር። እኔ ከደመወዜ ቆጥቤ የገዛሁት ቡኒ የቆዳ ጫማ ነበረኝ፤ በክረምት ግን ማንም ሰው ኮንጎ ጫማ ነው የሚያደርገው፤ ጭቃው ለቆዳ ክብር አልነበረውም። እሸት በቆሎ በየመንገዱ ዳር ይጠበሳል፤ የተጠበሰበት ከሰል ጢስ ከዝናቡ ጋር ተደባልቆ ከተማውን ይሞላዋል። ይህንን ሁሉ እወደው ነበር። አሁን ሲያነሡብኝ ግን ወዲያው ሌላው ሽታ ይከተለውና ያቅለሸልሸኛል።

በክረምት ቦርከና ሲሞላ የጨፋ ሜዳ ሐይቅ ይሆናል። ዛሬ ድልድይ ስላለ ልጆቹ ሲነገራቸው አያምኑም። ማሽላው እስከ አንገቱ ውሃ ውስጥ ይቆማል፤ ከብቱ ወደ ገመገም ይነዳል፤ ወዲያ ማዶ ያለው ሰፈር፣ እኛ በደፈናው «ማዶ» የምንለው፣ ከነሰዉ ተቆርጦ ይቀራል። ጤና ጣቢያውም ገበያውም ትምህርት ቤቱም ወዲህ ነው። ያመመው ሰው እዚያው ይታመማል፤ የምትወልደውም እዚያው ትወልዳለች። ወንድሜ አያ ሰይድ ከአሰብ የተመለሰው ያን ጊዜ ነው። እዚያ ወደብ ላይ ብዙ ዓመት ሲሠራ ቆይቶ፣ አገሩ ለሁለት ሲሆን አንዲት ፍራሽና የአናጢ ዕቃውን ይዞ መጣ። መናኸሪያው አጠገብ ትንሽ ሱቅ ተከራይቶ አልጋና ቁምሣጥን ይሠራ ጀመር። በመጀመሪያው ክረምት ማዶን ቆሞ ሲያይ ሰነበተና ኮምፔንሳቶ ገዝቶ፣ በሞራሌ እንጨት አዋቅሮ፣ በሬንጅ ለቅልቆ ጀልባ ሠራ። ሰው «ቁምሣጥን በውሃ ላይ ሊነዳ ነው» ብሎ ሳቀበት። ጀልባዋ ግን ሄደች። ሦስት መቀመጫ ያላት፣ ጥቁር፣ አፍንጫዋ ትንሽ የተጣመመ፣ ግን የምትሄድ።

እንግዲህ ሀዋ የማዶ ልጅ ናት። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትስቅ አፏን በሻሽ የምትሸፍን። ባሏ አሊ ማሽላ አራሽ ነው። ከዚያ በፊት የወለደቻቸው ሁሉ አልቆዩላትም። የመጨረሻው የእኔ እጅ ላይ ነው የተወለደው፤ ደህና፣ የሚጮኽ፣ ሙሉ ልጅ። ግን ክረምት ነበር፤ የማዋለጃ ዕቃዬ ከጀልባዋ ወለል ላይ በቀረው ውሃ ውስጥ ተቀምጦ ሄዶ፣ ሣጥኑን ስከፍተው ጥጡም ክሩም የቦርከናን ጭቃ ጠጥቶ ጠበቀኝ። አጠብኩ፣ አፈላሁ፣ የቻልኩትን አደረግሁ። ሕፃኑ እትብቱ አመርቅዞ ሳምንት ሳይሞላው ሄደ። ሀዋ እንደገና ስትፀንስ ግን ከውሃው መሙላት በፊት ጤና ጣቢያ ድረስ መጥታ እጄን ያዘችው። «ነጋ ነሽ ወይ ሲስተር? አካም ጅርታ?» ብላ ሰላምታውን ስትጨርስ፣ «ይኸኛውም ክረምት ላይ ነው የሚመጣው። ይኸንን ካላቀፍኩ፣ ወላሂ፣ ኸሰው አልቆጠርም» አለችኝ። እናቷ ከኋላዋ ቆማ ከንፈሯን ትነክሳለች። «አብሽሪ» አልኳት፤ «ደረቅ ጥጥ ይዤ እመጣለሁ።»

በዚያው ቀን ወንድሜ ሱቅ ሄድኩ። አያ ሰይድ ሰው የጠየቀውን እምቢ የማይል ሰው ነው፤ ሁሉም ሰው ይኸንን እንደ ደግነት ነው የሚያወራለት። «ሣጥን ሥራልኝ» አልኩት። «የምን ሣጥን?» «ጀልባዋ ላይ፤ ዕቃዬን ውሃ የማይነካበት።» «የት ላድርግልሽ?» «ኸተቀመጥኩበት ሥር።» ሳቀብኝ። «እንደ ዶሮ እንቁላልሽን ታቅፈሽ ልትሄጅ ነዋ!» አለኝ። ግን እየሳቀ እርሳሱን ከጆሮው ላይ አወረደ።

ሲሠራው ማየት ደስ ይል ነበር፤ ይህችን አልክድም። የመካከለኛውን መቀመጫ ሳንቃ ነቅሎ፣ በግራና በቀኝ ሞራሌ አቆመ፤ ፊቱንና ኋላውን በተረፈ ኮምፔንሳቶ ዘጋው፤ የጀልባዋ ወለል የሣጥኑም ወለል ሆነ። ክዳኑን ከአሮጌ ቁምሣጥን በነቀለው ማጠፊያ አሰረው። ከከንፈሩ ዙሪያ የብስክሌት ከመነዳሪ ቆርጦ እንደ ጥብጣብ ለጠፈበት፤ ክዳኑ ሲዘጋ ጎማው እሽ ብሎ ይተኛል፤ ከላይ ዝናብ ቢወርድ፣ ከጎን ማዕበል ቢረጭ አይገባም። ከዚያ ውጩን በሙሉ በፈላ ሬንጅ ደጋግሞ ለቀለቀው። «ውስጡንስ?» አልኩት። «ውስጡን ተይው። ጥጥሽ ሬንጅ ሬንጅ ይላል። ደግሞስ ደረቅ ቤት ሬንጅ ምን ያደርግለታል?» አለኝ። እውነቱን ነበር። ያን ዓመት ውሃው መሙላት ሲጀምር ለክትባት ተሻግሬ ክዳኑን ስከፍተው፣ ጥጤ በከሚሴ እንዳሰርኩት ነጭ ሆኖ አገኘሁት። እዚያው ጭቃው ላይ ቆሜ እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ሀዋን ጠርቼ አሳየኋት። ጥጡን በጣቷ ነካ አድርጋ ሳቀች፤ በሻሽ አፏን ሳትሸፍን።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው እንግዲህ የሚያቅለሸልሸኝ። በአገራችን አዲስ ነገር ያለ ዱአ አይጀመርም፤ ያም መልካም ነው። ጀልባዋ ባለ ሣጥን ከሆነች በኋላ አያ ሰይድ ሽማግሌዎቹን ጠርቶ ዱአ አስደረገ። ከዱአው በኋላ ሼኹ፣ አላህ ይዘንላቸውና ንጹሕ ሰው ነበሩ፣ ከያዙት ጫት ሁለት ቀንበጥ ቆርጠው፣ ውሃ እፍ ብለውበት፣ ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡ። «ለበረካ ነው። ውስጧንም ውጭዋንም አላህ ይጠብቃት» አሉ። አሚን ተባለ። እኔም አሚን ብያለሁ። ሙሄም እዚያ ነበር፤ እሱም ከሁላችን በላይ ጮክ ብሎ አሚን አለ።

ሙሄ ጫት ነጋዴ ነው። ያን ጊዜ ገና አንድ መደብ ብቻ ነበረችው፤ ሽርጡ ግን ምንጊዜም የታጠበ፣ ሽቶው ከሱ በፊት የሚደርስ፣ እጁን ደረቱ ላይ ሳያደርግ ሰላም የማይል ሰው። ማዶ በክረምት ጫት እንደሚወደድ ያውቃል። በሚቀጥለው የገበያ ቀን አንዲት ዙርባ፣ ትልቅ የጫት እስር፣ ይዞ መጣ። «አያ ሰይድ፣ ያቺ የበረካው ቦታ ናት አይደል? ኸጎኗ ላስቀምጣት፤ ለኔም በረካው ይድረሰኝ» አለ። ከዚያ ለወንድሜ ሌላ እስር አውጥቶ «ይቺ ደግሞ ጀባ» አለው። ምን ይበል ወንድሜ? የዱአ ጫት ካረፈበት ቦታ ሌላውን ጫት ማስወጣት ዱአውን እንደመናቅ ሆኖ ታየው። ጀባ የተባለውንም መመለስ ነውር ነው። በሌላ አገር ሰው «ይኸ የመድኃኒት ሣጥን ነው» ይላል፤ ነገሩ ያልቃል። እኛ ዘንድ ግን በረካ ሲባል ምላስ ይታሰራል፤ ሙሄም ይኸንን አሳምሮ ያውቃል።

አንዷ ዙርባ አምስት ሆነች፤ አምስቷ ሣጥኑን ሞላችው። ጫት ደግሞ እንደምታውቁት ከደረቀ አይሸጥም። ከሙዝ ቅጠሉ ሥር ውሃ ይረጭለታል፤ በየመሐሉም ይረጭለታል። የእኔ ደረቅ ሣጥን፣ ጎማ የተለጠፈበት፣ ትንፋሽ የማያስወጣ ሣጥን፣ ለሱ ከማንም ጎተራ በላይ ተስማማው። ዕቃዬ መጀመሪያ ከዙርባው ሥር ገባ፤ ቀጥሎ ከላይ ተቀመጠ፤ በኋላ ጭራሽ ወጥቶ ወንድሜ እግር ሥር ወለሉ ላይ ሆነ። አንድ ቀን ክዳኑን ብከፍት ከታች የቀረው ገራባ፣ ተራፊው የጫት ቅጠል፣ በስብሶ፣ ጥቁር ውሃ አዝሎ፣ ነጫጭ ትሎች ይርመሰመሱበታል። ሽታው የታመመ ሰው አፍ ነው። ጓንቴን እዚያ ውስጥ ነበር የማስቀምጠው! ወደ ወንድሜ ዞሬ «ይኸ ምንድን ነው?» አልኩት። «ማሊፍ፣ ስለምን ትቆጫለሽ ዘሀራ? ይጠረጋላ» አለኝ። ጉንጩ ላይ የሙሄ ጀባ እንደ እባጭ ተቀምጧል። ተጠርጎም አያውቅም።

ሼኹ ጋ ሄጄ ከሰስኩ። አዳመጡኝና አንገታቸውን ደፉ። «እኔ ቅጠል ነው ያስገባሁት ልጄ፤ ገበያ አላስገባሁም» አሉኝ። ሙሄን አስጠርተው ተናገሩት። ሙሄ እጃቸውን ሳመ፣ «አፉ ይበሉኝ አባባ» አለ፣ አንድ እስር ምርጥ ጫት ከጉልበታቸው ሥር አስቀምጦ ወጣ። በማግሥቱ ሣጥኑ ላይ ጓጉንቸር ቁልፍ ገጠመ። ዛሬ ያው ሙሄ መንገዱ ዳር ፎቅ አለው፤ ልጆቹ ባለ መኪና ናቸው፤ በየሠርጉ የክብር ቦታ ይቀመጣል። ባለፈው ሰሞንም ከከማል ጋር በሄድኩበት ሠርግ ላይ ወንበር ለቆ ሊያስቀምጠኝ ተነሣ። «ኑ እትዬ ዘሀራ፣ የጥንቷ ባልደረባዬ» አለኝ። ሽቶው ያው ነው። ምግቡን ሳልቀምስ ወደ ቤቴ ተመለስኩ፤ ሰው ስኳሯ ተነሥቶባት ነው ብሎ አወራልኝ።

ከማዶ ሰው ሲፈልገኝ ረጅም ዘንግ ላይ ነጭ ሻሽ ያስሩ ነበር። ያን ጠዋት ሻሹን ከጤና ጣቢያው በረንዳ ላይ ቆሜ አየሁት። ዝናቡ አባርቶ፣ ውሃው ቡናማ ሆኖ እስከ ገመገሙ ግርጌ ተንጣሏል። ዕቃዬን ሌሊቱን ቀቅዬ፣ ጥጡን በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ደም ማቆሚያውን መርፌ ከጥጡ መሐል ከትቼ፣ በብረት ሣጥኔ አዘጋጅቼው ነበር፤ የሀዋ ቀን መድረሱን አውቃለሁና። ሮጬ ወረድኩ። አያ ሰይድ መቅዘፊያውን ይዞ ቆሟል፤ ሙሄ ደግሞ ዙርባውን ሞልቶ፣ ቆልፎ፣ ክዳኑ ላይ ሽርጡን ሰብስቦ ተቀምጧል። «ዛሬ ሰው ሊሞት ነው፤ ጫትህን አውርድ» አልኩት። «አብሽሪ ሲስተር፤ ጫት ሰው አያሰምጥ። አብረን ደርሰን አብረን እንመለሳለን» አለኝ። ወንድሜን አየሁት። «ግቢ ዘሀራ፤ በመነጋገር ጊዜ አንፍጅ» አለኝ። ገባሁ። ብረት ሣጥኔን ላቅፈው ብል ጀልባዋን ከጎን በዘንግ መግፋትና የገባውን ውሃ መጨለፍ የኔ ሥራ ስለሆነ እጄ አልፈታ አለ፤ ከወንድሜ እግር ሥር አስቀመጥኩት።

መሐል ስንደርስ እግሬ ራሰ። በየጎኑ አየሁ፤ ከላይ የገባ የለም። ሬንጁ እንዳለ ነው፤ አንድ ቦታ አልተሰነጠቀም። ውሃው የሚመጣው ከሙሄ ሥር ነው። ወራት ሙሉ በየቀኑ በጫት ውሃ ሲርስ የከረመው የሣጥኑ ወለል፣ ከውስጥ ሬንጅ ያልነካው፣ ኮምፔንሳቶው እንደ ሽንኩርት ገጽ በገጽ ተልጦ ሄዷል። ቦርከናን ከውጭ ከልክለን ጀልባዋን በራሳችን እጅ ከውስጥ አበሰበስናት። «ክፈተው! ዙርባውን ጣለው፤ ቀዳዳውን በጨርቅ ልወትፈው!» ብዬ ጮኽኩ። ሙሄ ኪሱን በእጁ ዳበስ አደረገና «ቁልፉ ኸቤት ቀርቷል» አለ። ጀልባዋ አፍንጫዋን ትደፋ ጀመር። «ከባዱ ይጣል፤ አያ ሰይድ፣ ከባዱ ይጣል!» ይላል ሙሄ፤ ከተቀመጠበት ግን ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ዐይኑ ቀልቶ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ጫቱ ተቆልፏል፤ ሰው አይጣልም። ከእግሩ ሥር ያለውን ብረት ሣጥን አነሣና ወረወረው። ክንዱን ለመያዝ ስዘረጋ ጣቶቼ ሸሚዙን ብቻ አገኙ። ቦጭ አለና ሰመጠ። ሬንጅ ቀብቶ፣ ጎማ ለጥፎ፣ ማጠፊያ ገጥሞ ደረቅ ቤት የሠራለትን ዕቃ በሁለት እጁ ውሃ አጠጣው። ጀልባዋ በዚያ ቀለለች ወይ? ምንም አልቀለለችም። እየቀዘፍን፣ ውሃውን በሁለት እጄ እየጨለፍኩ፣ እንደምንም ዳርቻው ደረስን።

የማዶ ወንዶች ስንሰምጥ አይተው ልብሳቸውን ሰብስበው ውሃው ውስጥ ዘለሉ። እኔን ሊያወጡኝ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። ሙሄ ከሽርጡ ማጠፊያ ቁልፉን አወጣ። አዎ፣ ኸቤት የቀረውን ቁልፍ። ክዳኑን ከፈተ፤ እነሱም ዙርባውን አንድ በአንድ እየተቀባበሉ ጭንቅላታቸው ላይ አድርገው ወደ ደረቁ አወጡ። «በርታ፣ እርጥበቱ ለሱ መልካም ነው» እየተባባሉ ይሳሳቃሉ። አሊ ራሱ፣ ሚስቱ ምጥ ላይ ያለችው አሊ፣ «ሲስተር ገባሽልኝ፣ አልሀምዱሊላህ! ቢሻኑ፣ ውሃው፣ አስፈርቶኝ ነበር» አለኝና፣ ሁሉም ሲያደርግ አይቶ፣ እሱም አንድ ዙርባ ተሸከመ። ክፉ ሰው አይደለም። እጁ ያንን ለምዷል፤ በቃ። እኔ ብቻዬን ባዶ እጄን ዳገቱን ሮጥኩ።

ሀዋ ስታየኝ «መጣሽ?» አለች። ከሱቅ ምላጭ አስገዛሁ፤ ክር አፈላሁ፤ ንጹሕ ነጠላ ቀደድን። ሴት ልጅ ተወለደች፤ የምትጮኽ፣ ሙሉ፣ ውብ ሕፃን። ሀዋ አቀፈቻት፤ ግንባሯን አሸተተችው፤ «ይቺ ትቆያለች» አለች። ከዚያ ደሙ አልቆም አለ። ሆዷን በሁለት እጄ እያሸሁ፣ እየጨበጥኩ፣ እየለመንኩት ሳለሁ አእምሮዬ ውስጥ ያለው ያ መርፌ ብቻ ነበር፤ ከጥጡ መሐል፣ በላስቲክ የተጠቀለለው። እናቷ «ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? መድኃኒቱን ስጫት እንጂ!» ትለኛለች። ዙህር አዛን ሲል ሀዋ ሄደች።

ከዐስር ሶላት በፊት ተቀበረች። ወንዶቹ ከቀብር ሲመለሱ በአሊ ደጅ በተጣለው ዳስ ውስጥ ለዱአ ተቀመጡ። ሙሄ ከገበያ የተረፈውን ዙርባ በሙሉ አስመጣና መሐል አስቀመጠ። «ይኸ ለሀዋ ሩሕ ሶደቃ ይሁንልኝ። ኸቦርከና አፍ ያወጣነው ነው፤ በረካ አለው» አለ። «ጀዛከላህ ሙሄ! ሰው ማለት ይኸ ነው!» ተባለ። ተመረቀ። ጫቱ ተከፋፈለ፤ መቃም ተጀመረ። የቅጠል መቀንጠሱን ድምፅ ከውስጥ ሆኜ እሰማለሁ፤ እጄ ላይ ደሙ ገና በጥፍሬ ሥር አለ። በሕይወቴ ያን ያህል ሰውን ተጸይፌ አላውቅም። ከከማል ደግ ዘመን ውስጥ ይህችን ከሰዓት ማን እንደሰረዛት እንጃ። ብዙ ጊዜ በሌሊት የተጠራሁበት፣ ብዙ ሰው የሞተበት ቤት አይቻለሁ፤ ሞት አያስጠላኝም። የሚያስጠላኝ ያ የመቀንጠስ ድምፅ ነው።

አየር ፍለጋ ደጅ ስወጣ አያ ሰይድ ከዳሱ ተነሥቶ መጣ። በእጁ አንድ እስር ይዟል። «እንኪ፣ ሙሄ ጀባ ብሎሻል፤ ሲስተር ደክሟታል ብሎ ነው» አለኝ። እንዴት አድርጌ እንዳየሁት አላውቅም፤ እሱ ግን ዐይኑን ከዐይኔ አሸሸ። ወዲያው የሀዋ እናት ሕፃኗን በነጠላ ጠቅልላ ይዛ ከቤት ወጣች። ቀና ብላ አየችኝ። «ልጄ፣ ያ ብረት ሣጥንሽ የት አለ? ምንጊዜም ይዘሽው የምትመጭው። ያኔ ለሀዋ ነጩን ጥጥ ያሳየሻት» አለችኝ። አፌን ሳልከፍት ወንድሜ ቀደመኝ። «ወንዙ ወሰደው እማማ። ወንዙ ነው» አላት። አሮጊቷ ወደ ውሃው ዞራ «አንተ ቦርከና፣ እንደ እኔ ሆድህ ይቃጠል! ምንጭህ ይድረቅ!» ብላ ረገመችው። ዳሱ ውስጥ ያሉት ሁሉ አንገታቸውን እየነቀነቁ አሚን አሉ። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ያ ነው።

«ወንዙ አይደለም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅሁት በላይ ወጣ። «ወንዙ አንድም ነገር አልወሰደም። ወንድሜ ነው የወረወረው፤ ሙሄ ቁልፉን ደብቆ። ደም ማቆሚያው እዚያ ውስጥ ነበር። የጣላችሁት እሱን ነው፤ ያዳናችሁት ይኸንን አፋችሁ ውስጥ ያለውን ነው።» መቀንጠሱ ቆመ። አንድ ሽማግሌ «ልጄ፣ ዱአ ላይ ነን፤ ቃልሽን ቆጥቢ» አለኝ። ሙሄ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ መሬት መሬት ያያል። ወንድሜ የያዘው እስር ከእጁ ወደቀ። ከሁሉም አሊ ነው የተነሣው። ጉንጩ ተወጥሮ ነበር። ወደኔ መጥቶ መዳፉን ዘርግቶ አፉ ውስጥ ያለውን ተፋበት። አረንጓዴ፣ የተላመጠ፣ ትኩስ። አየው። መሬት ሊጥለው አጎነበሰና አማቱን፣ ልጁን፣ ደጁን ተራ በተራ ተመለከተ፤ የት እንደሚጥለው ቸግሮት፣ ፈሳሹ በጣቶቹ መሐል እየተንጠባጠበ፣ በመዳፉ ይዞት ቆመ።